ዛሬ ያልገባኝ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 22

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለማሙሽ፤

እንደምን ከርመሃል? ሃያ ስምንት ዓመት የሞላውን ባለጢም ሰው ማሙሽ ብሎ መጥራት እንደማይገባ አውቃለሁ። ግን ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣ ብሎኛልና ቻለው። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ትንሽ ይቆረጥመኛል እንጂ የሚወራ በሽታ የለብኝም። የኩሽናው ቧንቧ ተሠርቷል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤቷን ለቃ ልጇ ዘንድ ገባች። የስፌት መኪናዋ ሲጮህ እንዴት እነጫነጭ እንደነበር ታስታውስ የለ? አሁን ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ ስለሌለ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምውለው። ምን እንደሚያወራ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ብቻ ያወራል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። አንዴ የፈተና እርማት አለብኝ፣ አንዴ ስብሰባ አለብኝ እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ግን እርማቱም አለቀ፣ ውጤትም ገባ፣ ተማሪውም ወደየቤቱ ተበተነ። ሰበብ አጣሁ። ስለዚህ ዘንድሮ የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ።

ተማሪዎቼ እህትህን ምን ብለው እንደሚጠሯት አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። «መቀስ» ነው የሚሉኝ። ስታቲክስ፣ የብረትና የሸክም ስሌት፣ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሃያውን መቀስ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። እውነቱን ልናገርና ስሙን እወደው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ክፍል እገባለሁ፣ ገና ሰላም ሳልል፣ «በቀኛችሁ ያለውን እዩ፤ በግራችሁ ያለውን እዩ፤ ከሦስት አንዳችሁ ሰኔን እዚህ አያያትም» እላለሁ። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያ ጸጥታ አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጣና ጣቴ ያረፈበትን ወደ ሰሌዳ እጠራለሁ። ያወቀ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ያላወቀ እዚያው ይገተራል። ውጤቱ ደግሞ ከሁለት ፈተና ብቻ ነው። አንዱ ቀን የከፋበት ዓመቱ በሙሉ ከፋበት ማለት ነው።

በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት ጣቴ አንዲት ልጅ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣ እጅጌው የረዘመ አረንጓዴ ሹራብ የማታወልቅ ልጅ ናት። ስሟን ከዝርዝር አንብቤ ጠራሁ እንጂ አላውቃትም፤ በልቤ ባለሹራቧ እላታለሁ። ወጣች። ጠመኔውን ያዘች። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በሁለት ድጋፍ ላይ የተጋደመ ብረት፣ መሃሉ ላይ ሸክም፣ እያንዳንዱ ድጋፍ ስንት ይሸከማል? አልጻፈችም። እጇ እጅጌዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጠመኔው ሰሌዳውን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «ጠመኔው እኮ አይናከስም!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። አራት ደቂቃ አቆምኳት። ሰዓቴን እያየሁ ስለነበር ነው የማውቀው። ከዚያ «ተቀመጪ» አልኳት፤ እሷ ግን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ አልመጣችም። ዓርብም አልመጣችም። ከስሟ ጎን ሰረዝ አሰመርኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ቢሮዬ ድረስ መጣች። ትልቅ የቁልፍ እሽግ ከወገቧ የማይለይ፣ በእድሜ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ልከስዎት አልመጣሁም» አለች።

«ምን ተገኘ?»

«አንዲት ልጅ ከአልጋዋ አልነሣ ብላኛለች። ጓደኞቿ ሾርባ ቢያመጡላት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትተወዋለች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ነው የምትውለው። የርስዎ ተማሪ ናት።» ከዚያም ጨመረች። «እኔ እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ቆመው የሚያስመልሳቸው የርስዎ ክፍል ያላቸው ናቸው። የሌላ መምህር ተማሪ እንዲህ አይሆንም። ማንም እንዳልነገርዎት ስለማውቅ ነው።»

 ልቆጣ ቃጥቶኝ ነበር፤ እሷ ግን ቁልፎቿን በእጇ ይዛ ዓይኔን እያየች ቆማለች። ተነሥቼ ተከተልኳት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እግሬ ዶርም ሲረግጥ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ተደራራቢ አልጋዎች፣ አንድ መስኮት፣ በገመድ ላይ የተሰጡ ካልሲዎች። ልጅቷ ከታችኛው አልጋ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ፊቷ በዞረበት ግድግዳ ላይ የኮርሴን ቀመሮች በትናንሽ ወረቀት ጽፋ ለጥፋቸዋለች። መምህር አይደለሁ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ስሕተት መፈለግ ነው። አንድም የለም። ያን ሰኞ የጠየቅኳትም ነገር እዚያው፣ ከነሥዕሉ ተሠርቶ ተቀምጧል።  ታውቀው ነበር እኮ!

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በእንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚባል አላውቅም። ድምፄን ስትሰማ ዞረችና ለመነሣት ታገለች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ክፍል ስለቀረሁ ይቅርታ» አለችኝ። እሷ እኔን!

«ተዪው እሱን። ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ? ትምህርቱ ከበደሽ?»

 «አለመግባቱ አይደለም» አለች። «ብቻዬን ስሆን ያልገባኝን ደጋግሜ እሠራዋለሁ። ሰው እያየኝ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጥርግ ብሎ ይወጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቁ ይሰማኛል። ስነቃም ይሰማኛል።»

«የልጆቹ ሳቅ?»

 ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ቆየች። የማን ሳቅ እንደሚሰማት ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ከፕሮክተሯ ጋር ሆነን ወደ ካምፓሱ የሥነ ልቦና አማካሪ ወሰድናት። ቢሮው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ጠያይቀን ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ፣ የተሰባበረ ወንበር ከሚከማችበት መጋዘን አጠገብ አገኘነው። ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ልጅቷን ለብቻዋ አንድ ሰዓት ያህል አነጋገራት፣ ወደ ሐኪም ቤትም ጻፈላት። ከዚያ እኔን ጠራኝ። ያጽናናኛል ብዬ ነበር።

«ለዚህ ሁሉ ተማሪ እኔ አንድ ነኝ» አለኝ። «በሬ ላይ ያለውን ሰልፍ አይተውታል። እኔ ዘንድ የሚደርሱት ከወደቁ በኋላ ነው። እርስዎ ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ገና በእግራቸው ቆመው ሳሉ ያገኟቸዋል።»

«ወንድሜ፣ እኔ የማስተምረው ስለ ብረትና ስለ ሸክም ነው። የነፍስ ሐኪም አይደለሁም።»

«ሐኪም ይሁኑ አላልኩም። መምህር ይሁኑ።»

ደሜ ፈላ። ገና ትናንት ተመርቆ እያልኩ ቤቴ እስክደርስ ስሰድበው ነበር። በሩን ከፍቼ ገብቼ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ «ስማ እስኪ ይኼ ልጅ ያለኝን!» ብዬ ጮህኩ። ካልኩ በኋላ ነው ቤቱ ውስጥ ማንም እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ዱሮ እኔ ስማረር አንተ ሽንኩርት እየከተፍክ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኝ ነበር። ከነካፖርቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ማሙሽ፣ የቀደድኳቸው ደብዳቤዎች ሦስቱም እዚህ ጋ ሲደርሱ ወደ አየር ጠባይ ይዞራሉ። ይኼኛው አይዞርም።

አንተም እዚያው ክፍል ተቀምጠህ ነበር። ለወንድሟ ታዳላለች እንዳይሉኝ ከማንም አብዝቼ ወደ ሰሌዳ የጠራሁት አንተን ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ የጫማህን ክር ያሰርኩልህ፣ እጅህን ይዤ ትምህርት ቤት ያደረስኩህ ሴት፣ ክፍል ውስጥ በመታወቂያ ቁጥርህ ጠራሁህ። ሰሌዳው ፊት ስትቆም ጀርባህን ብቻ ነበር የማየው። ሸሚዝህ ላይ ላብ ሲወጣ አይቻለሁ። «ይቸግረዋል እንዴ?» ብዬ አሰብኩ፣ ቤት ሳገኘው እጠይቀዋለሁ አልኩ፤ ቤት ስንገናኝ ግን የጠየቅኩህ የቤት ሥራህን ሠርተህ እንደሆነ ነው። ሰዉ «ለሥጋ ዘመዷ እንኳ አታጎነብስም» ሲል ደረቴን ነፋሁ። ሌላው ውጤትህም አዘቅዝቆ ነበር፣ የኔ ኤፍ ግን ጨረሰው። የስንብቱ ደብዳቤ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ምን ጎደለህ?» አልኩህ።  ሳህኖቹን አጠብክ፣ ፎጣውን አጥፈህ አስቀመጥክ፣ ክፍልህ ገባህ። በሳምንቱ ሄድክ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ጥሩ ሥራ አግኝቶ ነው» አልኩ። ስደጋግመው ራሴም አመንኩት።

እንግዲህ አማካሪውን ካገኘሁበት ቀን በኋላ እንደ ድሮዬ ክፍል መግባት አልሆነልኝም። ሰኞ ገባሁና የስም ዝርዝሩን ሳላወጣ፣ «ባለፈው ጓደኛችሁ ላይ መሳቄ ልክ አልነበረም» አልኳቸው። ላብ አጠመቀኝ። ከኋላ አንዱ ለጎረቤቱ «አለቀልን፤ ሊጨርሱን ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አልፈርድበትም።

ሁለቱን ትልልቅ ፈተናዎች ትቼ ዐሥር ትናንሽ አደረግኳቸው፤ ሁለቱ የከፉት አይቆጠሩም። ማንም ለብቻው ወደ ሰሌዳ አይጠራም፤ ሦስት ሦስት ሆነው አብረው ይሠራሉ፣ ማሳየት የፈለገ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ስማቸውን አጠናሁ። ስልሳ አንድ ስም በዚህ እድሜ ማጥናት ቀልድ አይደለም፤ መንታዎቹን እስካሁን እያቀያየርኩ ነው የምጠራቸው። ደግሞ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ስም የማይጻፍበት ብጣሽ ወረቀት እሰበስባለሁ፤ ርዕሱ «ዛሬ ያልገባኝ» ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀለዱብኝ። «ዛሬ ያልገባኝ፣ መምህሯ ታመው ነው ወይ?» የሚል ሁሉ ደርሶኛል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ከስልሳው አርባው አንድ ዓይነት ነገር ጻፉ። እንደ ውሃ ጥርት አድርጌ አስተምረዋለሁ የምለውን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስኮራበት የኖርኩትን ትምህርት ነው አልገባንም ያሉት። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ስንት ልጅ በዚህች ነገር ምክንያት ራሱን ደደብ ብሎ እንደወጣ አሰብኩ። ሌላ መንገድ ፈልጌ እንደገና አስተማርኩት። አንድ ቀን እኔው ራሴ ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩና ከፊት የተቀመጠው «መምህር፣ ምልክቷ ተገልብጣለች» አለኝ። ዱሮ ቢሆን ማን ይደፍራል?

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ አብሮኝ የተማረው፣ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«መቀሷ ደነዘዘች እያሉ ነው» አለ እየሳቀ። «ኮርሱን አቀለልሽው ይላሉ።»

«ጥያቄው ያው ነው፤ መጥተህ እየው። የቀነስኩት ፍርሃቱን ነው።»

«እኛ በምን ተማርን? በፍርሃት አይደል?»

«ታዲያ ምን እንዳደረገን አታይም?»

 መነጽሩን አወለቀና ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ሄደ። በሳምንቱ ግን ብጣሽ ወረቀቱን እንዴት እንደምሰበስብ በጸሐፊው በኩል አስጠየቀኝ።

በሚያዝያ ከወረቀቶቹ መሃል አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሁሉም ገብቶኛል። ግን ከሰው ጋር ካወራሁ አምስተኛ ቀኔ ነው።» ስም የለውም። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ የተጠጋጋ። መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገርህ? የራሴን ቆጠርኩ። አውቶቡስ ውስጥ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ያልኩትን ካልቆጠርነው፣ ከክፍል ውጪ ከሰው ጋር ካወራሁ እኔም ስድስተኛ ቀኔ ነበር። ለካ በብቸኝነት አልበለጠኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሦስት የሚሆኑትን በየሳምንቱ እቀያይራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ከትምህርት ሌላ ስለፈለጉት እንዲያወሩ እተዋቸዋለሁ። የአማካሪውን ቢሮ መንገድ ሰሌዳው ላይ ሥዬ፣ «እኔም ሄጄ አውቃለሁ፤ አይናከስም» አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ሌላ ነው። ያን ወረቀት የጻፈው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስለማላውቅ ሁሉንም እሱ ይሆን፣ እሷ ትሆን እያልኩ ነው የማያቸው።

ተአምር ተሠራ አልልህም። ዘንድሮም ሰባት ወድቀዋል፤ አምና ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ሰባቱን አንድ በአንድ ቢሮዬ ጠርቼ አነጋገርኳቸው። ሁለቱ አልመጡም። አንዱ መጥቶ አንድም ቃል ሳይናገር ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ባለሹራቧ በታኅሣሥ ትምህርቷን አቋርጣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ገብታ ነበር። ሐኪም እያያት ከረመች። ከሁለት ሳምንት በፊት የመመለሻ ቅጽ ለማስፈረም ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ጣቶቹ ስንጥቅጥቅ ያሉ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። እሷ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትጠብቅ እሱ ገባና ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ዶርም ድረስ ሄደው ልጄን ያዩልኝ እርስዎ ነዎት አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ተቀብዬው ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም። «ጌታው፣ ሄጄ ያየኋትስ አየኋት፤ ግን አልጋ ላይ የጣልኳትም እኔ ነኝ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ አራቱን ደቂቃም፣ ሳቁንም።

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወለሉን ሲያይ ቆየ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ቀለል ይለኝ ነበር።

«እኔ ደግሞ በደወለች ቁጥር ስንት አመጣሽ ነበር የምላት» አለ። «አንድ ቀን እንዴት ዋልሽ ብያት አላውቅም። እንግዲህ ጥፋቱን እንካፈለው።»

ልጅቷን ጠራናት። ወዟ ተመልሷል። ቅጹን ይዛ፣ አንገቷን ሳታቀረቅር፣ «መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ስመለስ ከሌላ መምህር ጋር ብመደብ ይሻለኛል» አለችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳትና ጻፍኩላት። አልተቀየምኩም። ሲወጡ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ በሩን እስኪያልፉ አየኋቸው። የሰበሩትን ነገር መጠገን ማለት መልሶ የራስ ማድረግ አይደለም ለካ። ልጅቷ ደህና መሆኗ ይበቃኛል አልኩ። ይበቃኛልም፤ በአብዛኛው።

ስለዚህ ወደ ቤት ና ልልህ አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ክፍልህን ቀለም ያስቀባሁት ግድግዳው ስለቆሸሸ ነው። ብቻ በዓመት ሁለቴ ስትደውል እኔ «ደህና ነህ?» እላለሁ፣ አንተ «ደህና ነኝ» ትላለህ፣ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሰባት ዓመት ዘግይቷል፦ ያን ዓመት እንዴት ነበርክ? ኮርሱን አይደለም፣ ውጤቱን አይደለም። አንተ እንዴት ነበርክ?

መልሱ ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጣ። ረጅም ከሆነ ጊዜ አለኝ፤ ማንም አይጠብቀኝም። መናገር ካልቻልክ ደግሞ ደውልና ዝም በል፤ ስልኩን ይዤ አብሬህ ዝም እላለሁ።

በሄድክበት ሰው ይስጥህ። ደክሞህ ስትገባ በር የሚከፍትልህ፣ ስታወራ ሰዓቱን የማያይ ሰው ይስጥህ። እጅህ ያረፈበት ሥራ ይቅናልህ፤ እንቅልፍህ የሰላም ይሁን። እናታችን በሕይወት ብትኖር የምትመርቅህን ሁሉ እኔ መርቄሃለሁ።

ያሳደገችህ፣ ያላየችህም፣

እህትህ